የባላምባራስ ጓንጉል ምርቃን

አቶ መርሻ ልቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ካዩ አንድ የማይለቃቸው ወሬ አለ። «ያችን ተረት ያወጧት አያቴ ናቸው» ይላሉ። «አያቴ ባላምባራስ ጓንጉል ገዥው ፊት ቆመው አንዲት ቃል ቢናገሩ፣ ገዥው ከት ብለው ሳቁና ካባ ሸለሟቸው። ተረቷም ከዚያ ወዲህ አገር ለአገር ዞረች።» ባለፈው ዓመት ሽልማቱ ካባ ብቻ ነበር። ዘንድሮ በቅሎ ተጨምሮበታል። ከርሞ ምን እንደሚጨመር እግዜር ይወቅ።

ድንጋይ በር በሚባለው በእኛ አገር ተረቷ የማትወጋው ሰው የለም። የሚስቱን ወጥ አጣጥሎ ወጥቶ ጎረቤት ቤት ያንኑ ወጥ ሲበላ «እጅ ነው!» የሚል ባል፣ የገዛ ልጁን አንድ ቀን ሳያዳምጥ የሰው ልጅ አንደበት የሚያደንቅ አባት፣ ሁሉም ይቀምሷታል። እኔም ስንቱን አቅምሻለሁ፤ አልዋሽም።

ባላምባራስ ጓንጉል ተረቷ ውስጥ አሉበት። ይህን አልክድባቸውም። ያሉበት ቦታ ግን አቶ መርሻ እንደሚሉት አይደለም። ነገሩ የተሠራው ገዥ ፊት ሳይሆን ማንያህልሻል የምትባል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ገበታ ፊት ነው። ማንያህልሻል የአያቴ አክስት ናት፤ ለአያቴ በገዛ አፏ የነገረቻትን ነው የምጽፈው። አቶ መርሻ ቢቆጡ ይቆጡ። ካባውን እንደሆነ አልነካሁባቸውም።

ማንያህልሻል ለባሏ ለይመኑ ልጅ አልወለደችለትም። ይመኑ በተስቦ ሲሞት፣ ታላቅ ወንድሙ ባላምባራስ ጓንጉል ሳልስቱ ሳይወጣ ጓሮዋን በእርምጃ መለካት ጀመሩ። የሁለቱ ወንድማማቾች ግቢ ጎን ለጎን ነው። በመሀል ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ፤ በር ግን የለውም። ካንዱ ወዳንዱ ለመሄድ ቁልቁል ወርዶ፣ ምንጩን ዞሮ፣ በታች በኩል መውጣት ግድ ነው። ባላምባራስ ጎጆዋን አልፈለጉትም። የፈለጉት ጓሮውን ነው።

ያ ጓሮ እሷ ስታገባ ዶማ የሚሰብር ድንጋይ ነበር። ሰባት ዓመት ለቀመችው። የለቀመችውን ድንጋይ ካቡ ላይ ደረበች፤ አመድና ፍግ በቅርጫት እየተሸከመች አፈር አደረገችው። ይመኑ በሞተበት ዓመት ጎመኑ ከወገብ በላይ ነበር። ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው እያንዳንዱ በትልሙ ተሰልፎ፣ ዱባው ካቡ ላይ ተንጠላጥሎ የመንገደኛ ዓይን ያስቀር ነበር። እና ባላምባራስ ያንን አፈር ለምን ፈለጉት? በሬ ሊያስሩበት! በሬ የሚያስሩበት ሌላ ቦታ አጥተው አይደለም። እሷ ድንጋይ ስትለቅም ያላዩት መሬት፣ አረንጓዴ ሲሆን ጊዜ የአባታቸው ርስት መሆኑ ትዝ አላቸው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ዕለቱ ሐምሌ አምስት ነበር። የሰኔ ጾም ተፈቶ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠዋል። የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት መምሬ ላቀው ከመሀል አሉ።

«ርስቱ የአባቴ ነው» አሉ ባላምባራስ። «ወንድሜ ዘር ሳይተው ሞቷል። እሷ ወደ ወላጆቿ አገር ትሂድ።»

«ወንድምዎ ዘር አልተወም» አለች ማንያህልሻል። «እኔ ግን ሰባት ዓመት ስዘራ ኖሬያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ባላምባራስን ያቃጠላቸው ይህ ሳቅ ነው።

«ጎመን ዘርታ ነው ደግሞ! ጎመን የክረምት ወሬ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ማን ያስታውሰዋል? የሴት ጓሮ ሦስት ወር ያበላል፤ ዓመት አይመግብም። እኔ እዚያ ላይ በሬዬን አስሬ አቀልብበታለሁ።»

«ዓመት ይመግባል።»

«አይመግብም አልኩሽ!»

«እንግዲያው አራት ጊዜ ይምጡ» አለች። «ከዛሬ እስከ ከርሞ ሐምሌ አምስት፣ በመረጡት ቀን፣ ሳይልኩብኝ፣ አራት ጊዜ ይምጡ። ከጓሮዬ የወጣ አትክልት ሠርቼ ካላቀረብኩልዎ ነጠላዬን ለብሼ እወጣለሁ፤ ድስቴን እንኳ አልጠይቅዎትም። ካቀረብኩልዎ ግን ካቡን እንዳይሻገሩ።»

«ድርቅ ቢሆንስ?»

«ይምጡ።»

«ውርጭ ቢያቃጥለውስ?»

«ይምጡ አልኩዎ እኮ! እርስዎ እንዳይቀሩ እንጂ እኔ ቤቴ ነኝ።»

ባላምባራስ ጢማቸውን አሻሹ። ልባቸው ሐሴት አድርጓል። ከዚህ የቀለለ ሙግት ማን ይሰጣቸዋል? ቢሆንም ተጠራጣሪ ናቸውና ወደ መምሬ ዞሩ። «ዳኛው ማነው? ቅጠል ቀቅላ ወጥ ነው ብትለኝስ?»

«ዳኛው ማዕዱ ነው» አሉ መምሬ ላቀው። «እኔ አብሬ እቀመጣለሁ። ከጓሮዋ አይደለም ብለው ከጠረጠሩ አይቅመሱ። ከቀመሱ ግን ይመርቃሉ። ከመረቁ ተረቱ።»

ይህን የውጭ ሰው ላይረዳው ይችላል። በድንጋይ በር ደንብ ከሰው ገበታ የቀመሰ እንግዳ ሳይመርቅ አይነሣም። ሳይመርቅ የተነሣ ሰው ቢሞት እንኳ ቀባሪው ያመነታል። ምርቃን ደግሞ ከአፍ ከወጣ አይመለስም። የመረቁትን ማዕድ መልሶ መክሰስ የአባት መቃብር ላይ ቆሞ እንደ መጨፈር ይቆጠራል። ስለዚህ መምሬ የፈረዱት ቀላል ፍርድ አልነበረም። ባላምባራስን ከገዛ ሆዳቸው ጋር ነው ያሟገቷቸው።

ሆዳቸው ደግሞ፣ መቼም እውነት አይቀበርም፣ ደካማ ነበር። ባላምባራስ ሲበሉ አያዩም፤ ከበሉ በኋላ ነው «ምን ነበር?» የሚሉት። በቤታቸው አትክልት የሚባል ነገር አይገባም። «ጎመን የድሀ ነው» ስለሚሉ ባለቤታቸው በፍስክ ሥጋ፣ በጾም ሽሮ ነው የሚያቀርቡላቸው። ሽሮ ሰኞ፣ ሽሮ ማክሰኞ፣ ሽሮ እስከ ፋሲካ።

መጀመሪያ የመጡት ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ነው። ዝናብ እየወረደባቸው መጡ። ነሐሴ ላይ ጎመን የሌለው የለምና ማንያህልሻል አልተጨነቀችም። ጎመኑን በነጭ ሽንኩርትና በኑግ ዘይት አቁላልታ፣ ቃሪያ ሰንጥቃ ከጎኑ አድርጋ አቀረበች። ባላምባራስ እንደ ነገሩ ቀመሱ፤ እንደ ነገሩ መረቁ። «ይሄማ ምን ይገርማል፣ ክረምት ነው» ብለው ሄዱ።

ሁለተኛው ታኅሣሥ ነው። በዚያ ሳምንት ውርጭ ወድቆ ጓሮው ሁሉ የተቃጠለ ወረቀት መስሎ ነበር። ባላምባራስ ከመምሬ ላቀው ጋር ሲገቡ ፊታቸው በርቷል።

«እህሳ ማንያህልሻል፣ ጎመንሽን እሳት በላው አሉ?»

«ይቀመጡ ባላምባራስ። ጓሮ ማለት የሚታየው ብቻ መሰለዎት?»

ዶማዋን ይዛ ወጣች። ሁለት ትልም ድንች ሆን ብላ ሳትነቅል ከአፈር ሥር አቆይታ ነበር። ውርጩ ቅጠሉን እንጂ ድንቹን መቼ አገኘው! ያንን ቆፍራ፣ ጣሪያ ሥር ያስቀመጠችውን ዱባ ከፍላ፣ ሁለቱን በአንድ ድስት በበርበሬ ሠራችው። ዱባው ቀልጦ ድንቹን ሲለብሰው ወጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ። ባላምባራስ በዝምታ በሉ። በዝምታ እንጀራ አስጨመሩ። ሲመርቁ ድምፃቸው ከነሐሴው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። መምሬ ላቀው ይህን ልብ ብለዋል።

ሦስተኛው ግን ተንኮል ነበረበት። ሁዳዴ ሲገባ ባላምባራስ ምንጩን ከላይ ጠልፈው ወደ ጌሾአቸው በቦይ አዞሩት። ወደ ማንያህልሻል የምትወርደው ውሃ እንደ ሕፃን እንባ ቀጠነች። መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ አገር ምድሩ ሲነድ፣ ከች አሉ።

«ውሃ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ» አሉ ገና ከመቀመጣቸው።

«ጠፋ ሳይሆን ተጠለፈ ነው የሚባለው።»

«እኔን ነው?»

«ምንጭ እግር አውጥቶ ጌሾዎ ሥር አይሄድም፣ ባላምባራስ።»

መምሬ ሳል ያዛቸው። የካህን ሳቅ ሲመጣ ሳል ይሆናል።

«እና አሁን ምን ልታበይኝ ነው?» አሉ ባላምባራስ። «አቧራ?»

አቧራ አላበላቻቸውም። እጇን የታጠበችበትን፣ ጎመን ያጠበችበትን፣ ድስት ያለቀለቀችበትን ውሃ ጠብታ ሳታባክን በእንስራ አጠራቅማ፣ ሥሩ በተበሳ ቅል ሃያ የጎመን ጉቶ ስታጠጣ ነበር የከረመችው። ሌላው ሁሉ ይድረቅ ብላ ትታ፣ ሃያዋን ብቻ። እያንዳንዱ ጉቶ ላይ ለጋ ቀንበጥ ፈንድቷል። እሱን ቆርጣ፣ የተቆላ ኑግ ወቅጣ አሽታ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ አቀረበች። ለጋ ቀንበጥ በኑግ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ ከጥርስ ሥር ይሰበራል፤ ምላስ ላይ ደግሞ ይለሰልሳል። ባላምባራስ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። በሦስተኛው ራሳቸው አፈሩ። «እጅሽን ይባርከው» ሲሉ ግን አላፈሩም።

ሲወጡ መምሬ «ባላምባራስ፣ ሙግቱን ቢተዉትስ?» ቢሏቸው፣ «አንድ ቀርቶኛል» አሉ። «አንዷን አውቄ ነው የማቆያት።»

ያቆዩበት ምክንያት ነበራቸው። የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ መግቢያ ለጓሮ ክፉ ሰዓት ነው። ያለፈው ዓመት አልቋል፤ የዘንድሮው አልደረሰም። አሮጌው ጉቶ ተነቅሎ አዲስ ችግኝ ይተከላል። ድንቹ ለዘር ሄዷል፤ ዱባው ግንቦት ላይ ተበልቷል። ማንያህልሻል ይህንን አጥታው አይደለም። ለዚያ ሰዓት ብላ ነጭ ሽንኩርት ሰቅላለች። አንድ ትልም ጎመን ደግሞ ቀደም ብላ፣ በሚያዝያ ዝናብ ተክላ አድርሳለች። ያች አንድ ትልም አራተኛው ገበታ ናት። ጠዋት ማታ እንደ አራስ ትጠብቃት ነበር።

ሐምሌ ሁለት ቀን በረዶ ወረደ።

ከምሥራቅ በኩል፣ ነፋስ እየነዳው፣ ሰያፍ ነው የመጣው። ሲያባራ ጓሮው ላይ ቅጠል የሚባል አልቀረም። ያች ትልም ተከታትፋ ጭቃ ውስጥ ገብታለች። ማንያህልሻል አላለቀሰችም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልቅሳለች። ካለቀሰች በኋላ አፍንጫዋን ጠርጋ እያንዳንዱን ትልም በእጇ ፈተሸች። የዘር ድንቹን አንዱን አወጣችው፤ ሟሙቶ ውሃ ሆኗል። ነጭ ሽንኩርት ብቻውን ወጥ አይሆንም። ማጣፈጫ አለ፤ የሚጣፈጥ ግን የለም። ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ሰባት ዓመት ድንጋይ ለቅማ ሦስት ቀን አነሳት።

ሐምሌ አራት፣ የጾሙ መጨረሻ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባላምባራስ መምሬን ይዘው ከቤታቸው ተነሡ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ቀጥታ ወርደው በምንጩ መዞር ሲገባቸው ግን ደስታው አላስቻላቸውም። በራሳቸው ግቢ ውስጥ ካቡን ተጠግተው፣ አንገታቸውን አስግገው ወደ እሷ ጓሮ አጮለቁ። ማንያህልሻል በራሷ ወገን ካቡ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ አላዩዋትም።

«መምሬ ይምጡ ይዩ! እንደ ተላጨ ራስ! አንዲት ቅጠል እንኳ…» ብለው ደገፍ አሉና ጮኹ። «ወይኔ! ወይኔ እጄን! ይሄ እርጉም ሳማ! ከሥርህ ይንቀልህ፣ ዘርህ ይጥፋ! ያበቀለህ አፈር ይድረቅ!»

«ኧረ ባላምባራስ፣ ሣር አይረገምም» አሉ መምሬ። «የእግዜር ፍጥረት ነው።»

«እግዜር ሳማን የፈጠረው ተቆጥቶ በዋለበት ቀን ነው! ዓመት በመጣ ቁጥር አቃጠለኝ!»

ድምፃቸው ወደ ምንጩ እየራቀ ሄደ። እጃቸው እንደ እርሾ ስላበጠ ምንጩ ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ሲነክሩት ብዙ ቆዩ። ማንያህልሻል ግን ያን ጊዜ ተቀምጣ አልነበረችም። አሮጌ ቀሚስ እጇ ላይ ጠቅልላ፣ ማጭዷን ይዛ ተነሥታለች።

እንግዶቹ ጎጆዋ ሲደርሱ ድስቱ ተጥዷል። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከበሩ ላይ ተቀበላቸው።

«ምን ልታቀርቢ ነው?» አሉ ባላምባራስ፣ ገና መደቡ ላይ ሳይደላደሉ። «ጓሮሽን አይቼዋለሁ።»

«ከየት ሆነው አዩት?»

ባላምባራስ ያበጠ እጃቸውን ልብሳቸው ሥር ሸሸጉ። መምሬን ሳሉ መጣባቸው።

እጃቸውን አስታጠበቻቸው። ገበታው ቀረበ። ድስቱ ሲከፈት የወጣው እንፋሎት የባላምባራስን ጢም ነካ። ከጥቁር የማይተናነስ አረንጓዴ ወጥ ነው። ልሞ የተከተፈ፣ በማማሰያ የተመታ፣ የኑግ ዘይት ጠርዙ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ቃሪያ ስለሌለ በሚጥሚጣ የተነካካ። ባላምባራስ «አይቅመሱ» የተባሉትን ያስታውሱ ይመስላችኋል? ከትናንት ማታ ጀምሮ ያልበላ ሆድ ምን ማስታወሻ አለው! የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛውን አስከተሉ። በሦስተኛው፣

«መምሬ፣ ይቅመሱት እንጂ!» አሉ። «ይሄ ምን ዓይነት ጎመን ነው? ጎመን ነው ወይስ ቅቤ ነው?»

«ጾም ነው ባላምባራስ» አሉ መምሬ እየቀመሱ።

«ቅቤ የለውም እኮ፤ የሚገርመኝ እሱ ነው! ሚስቴ በዚህ ዓይነት አንድ ቀን… ጨምሪ እስኪ፣ ጨምሪ!»

ጨመረችላቸው። ድስቱ ታች ሲታይ ነው ባላምባራስ የመጡበት ጉዳይ ትዝ ያላቸው። ጣታቸው አየር ላይ ቆመ።

«ቆይ! በረዶው ሁሉን ጨርሶት የለም? ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከካቡ ሥር ነው የቆረጥኩት» አለች ማንያህልሻል ፊት ለፊት እያየቻቸው። «በረዶው ያልደረሰበት ቦታ አለ።»

«ቢጠረጥሩ ኖሮ አይቀምሱም ነበር» አሉ መምሬ ላቀው ጣታቸውን እየጠረጉ። «ቀምሰዋል። እንዲያውም አስጨምረዋል። ይመርቁ።»

ባላምባራስ ወደ ድስቱ አዩ፤ ወደ በሩ አዩ። የጠገበ ሰው ሲረታ እንኳ አፉ ለስላሳ ነው። እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ ቀስ ብለው ጀመሩ፤ የአፋቸው ጣዕም እየገፋቸው ሄደ።

«ማዕዱን የአብርሃም ማዕድ ያድርገው። እጅሽን ይባርከው። ይህን ያበቀለ አፈር ይባረክ! ዝናብ አይለየው፣ ነቃይ አይድረስበት፣ ዘሩ አይጥፋ፣ ለልጅ ልጅ ይትረፍ!»

«አሜን» አለች ማንያህልሻል።

«አሜን» አሉ መምሬ። «ይህ አራተኛው ነው። ይሳለሙና ይማሉ።» መስቀላቸውን አወጡ። ባላምባራስ ያበጠ እጃቸውን ጭነው፣ ያንን ጓሮ ከእንግዲህ እሳቸውም ልጆቻቸውም ላይጠይቁት ማሉ። ተሳለሙም። የወሰን ክርክሩም በዚሁ ተቆረጠ።

ሊነሡ ሲሉ፣ ሆዳም የሚጠይቀው ከበላ በኋላ ነውና፣ ዞር አሉ። «እንደው ለመሆኑ የዚህ ጎመን ስም ማነው? ለባለቤቴ ልንገራት።»

«ጎመን አይደለም» አለች ማንያህልሻል። «ሳማ ነው።»

«ምን?»

«ሳማ። የፈላ ውሃ ሲነካው ንዴቱ ይበርዳል። ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይበርድም ነበር።»

ባላምባራስ መጀመሪያ ምላሳቸውን በጣታቸው ነኩት። ያላበጠ መሆኑን ሲያረጋግጡ ተቆጡ። «ሳማ አትክልት ነው? ሳማ አብልታኝ ነው የረታችኝ? መምሬ!»

«ጣፈጠዎት ወይስ አልጣፈጠዎትም?» አሉ መምሬ።

ድስቱ ታች እስኪታይ ያስጨመረ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? በልባቸው ግን «ይሁን፤ የሷ ጓሮ ሳማ ነው፣ የሷ ዕድል ነው» ብለው ራሳቸውን እያጽናኑ ወጡ። መምሬ ሊሸኟቸው አብረው ወረዱ፣ ምንጩን ዞሩ፣ ባላምባራስ ግቢ ገቡ።

ከካቡ ጥግ ሲደርሱ ባላምባራስ ቀጥ አሉ።

በረዶው ከምሥራቅ ሰያፍ ሲመጣ፣ የማንያህልሻል ወገን ያለውን ሁሉ ፈጭቶ፣ ካቡ ሲጋርደው ከካቡ ማዶ ያለውን ሳይነካ አልፏል። ማዶው ደግሞ የባላምባራስ ግቢ ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት እጃቸውን ያቃጠላቸው የሳማ ጫካ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የታጨደ አገዳ ብቻ ቆሟል። የተቆረጠበት ገና እርጥብ ነው። ካቡ ላይ፣ እጅ በሚያሳልፍ ቀዳዳ፣ ከአሮጌ ቀሚስ የተቀደደች ክር ተሰክታ ትወዛወዛለች።

«የእኔ ነው!» ብለው ጮኹ። «መምሬ፣ የእኔን ሳማ ነው ያበላችኝ! ከጓሮዋ አይደለም! ከግቢዬ፣ ከአፈሬ የበቀለ ነው! ሙግቱ ይፍረስ!»

ማንያህልሻል ድስቱን እያጠበች ነበር። ድምፁን ሰምታ ካቡ ላይ ብቅ አለች።

«የእርስዎ ነበር እንዴ?» አለች። «እኔ ስምንት ዓመት ከዚህ ሆኜ ስሰማ፣ ሲሰድቡትና ሲረግሙት እንጂ የእኔ ነው ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ሲጣፍጥ ጊዜ ነው ባለቤት የተገኘለት? ጓሮዬንም የፈለጉት እንዲሁ ነው፤ ድንጋይ ሳለ የማንም አልነበረም።»

«መምሬ ይፍረዱ!»

መምሬ ላቀው መጀመሪያ የታጨደውን ሳማ አዩ። ከዚያ ያበጠውን እጅ፣ ከዚያ በኑግ ዘይት የወዛውን ጢም አዩ። መሐላው ተምሏል፤ መስቀሉ ተስሟል፤ ምርቃኑም ከአፍ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ ሳሉ አልመጣላቸውም። በግልጽ፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እስከ ምንጩ ድረስ እየተሰማ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ መንገዱ ዞሩ፤ እየሄዱም፣ ከማንያህልሻልም ከባላምባራስም ይልቅ ለሚመጣው ትውልድ የሚነግሩ ይመስል፣ ጮክ ብለው አሉ፦

«በአጥሩ የረገመውን ሳማ፣ በሰው ገበታ መረቀው።»